ባዶ ፒክአፕ ለምን ይነጥራል?

ፎርድ ኤፍ-250ንና መሰሎቹን የአሜሪካ ከባድ ፒክአፖች ባዶአቸውን የነዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አቤቱታ ያሰማል። ትንሽ ጉድጓድ ባገኙ ቁጥር የኋላቸው ይነጥራል፣ የተሳፋሪውን ወገብ ይሰብቃል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣለው በባሌስትራው ላይ ነው። የጎማን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ የመረመረ ሰው ግን ባሌስትራውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ይከብደዋል። ጎማ ውስጥ የሚሞላው ነፋስ ጥንትም ከጭነቱ ጋር እየተመዛዘነ የሚወሰን ነገር ነበር፤ በሹፌሩ በር ላይ የተለጠፈ አንድ ቁጥር ሆኖ የቀረው ኋላ ነው። ባዶው ፒክአፕ የሚነጥረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

በነፋስ የሚሞላ ጎማ ሲፈለሰፍ ዓላማው ምቾት ነበር (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን በ1845 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ጎማ ለፈረስ ሠረገላ የታሰበ ነበር። ሌላው ስኮትላንዳዊ፣ በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ፣ በ1888 ያስመዘገበውን ጎማ የሠራው ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነው። በ1895 ደግሞ የሚሽላን ወንድማማቾች ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተካሄደው ውድድር አውቶሞቢላቸውን በነፋስ ጎማ ነዱ። የጭነት መኪና ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በድፍን ላስቲክ ላይ ይሄድ ነበር። መኪናን በአብዛኛው የሚሸከመው በጎማው ውስጥ የታፈነው ነፋስ ነው፤ ሸክም ሲጨምር ነፋሱም ይበልጥ መታፈን አለበት። የዘመኑ ጎማ ደግሞ ከጥጥ ሸራ የሚሠራ በመሆኑ ድርና ማጉ በየዙሩ እየተፋተገ ይበጣጠስ ነበር። መላው ማጉን አስወግዶ ክሮቹን ጎን ለጎን መደርደርና በላስቲክ ማለያየት ሆነ። የጉድይር ኩባንያ በ1917 ከአክረን፣ ኦሃዮ፣ እስከ ቦስተን «ዊንግፉት ኤክስፕረስ» የተባለውን የጭነት መስመር የከፈተው ይህ ጎማ ከባድ መኪና መሸከም እንደሚችል ለማሳየት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ጎማዎቹ ደጋግመው ፈነዱ፤ ኩባንያው ግን ጎማውን እያሻሻለ መስመሩን ቀጠለበት። ድፍን ጎማ መንገድ ይቆርሳል፣ ዕቃ ይሰብራል፣ ብሎን ያላላል። ስለዚህ ለጭነት መኪና ልስላሴ የሥራ ጉዳይ እንጂ ቅንጦት አልነበረም።

የቤት አውቶሞቢልና የጭነት መኪና መንገዳቸው የተለያየው ከዚያ ወዲህ ነው። ፋየርስቶን በ1923 ለአውቶሞቢል ሰፋ ያለ፣ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ጎማ አወጣ፤ ነፋሱ በብዛት ስላለ ያንኑ ሸክም ሳይወጠር ይችላል። የጭነት መኪና ጎማ ደግሞ ሸራ እየደረበ ግፊቱን ከፍ አደረገ። ፒክአፕ የሁለቱ ቅልቅል ሆኖ ተወለደ፦ በ1925 ፎርድ ያቀረበው ሞዴል ቲ አውቶሞቢል ከኋላው ሣጥን የተገጠመለት ነበር፤ በ1948 ኤፍ-1፣ ኤፍ-2 እና ኤፍ-3 ተብሎ በጭነት አቅም ተከፋፈለ፤ በ1953 ኤፍ-250 እና ኤፍ-350 የሚሉት ስሞች መጡ። ሰውነቱ ወደ ቤት መኪና እያደላ ሲሄድ፣ የከባዶቹ ጎማ ግን ከጭነት መኪናው ወገን ቀረ።

ዛሬ በእነዚህ ፒክአፖች ላይ በብዛት የሚገጠመው የጭነት ደረጃ ኢ የሚባለው ጎማ እስከ 80 ፒኤስአይ ይነፋል። በጎማ አምራቾች የጭነት ሠንጠረዥ መሠረት ኤልቲ 245/75 አር 16 የተባለው ልክ በ80 ፒኤስአይ 1,380 ኪሎ፣ በ50 ደግሞ 1,000 ኪሎ ይሸከማል። ባዶ ፒክአፕ ከኋላ በአንድ ጎማ ላይ የሚያሳርፈው ከ1,000 ኪሎ በብዙ ያንሳል። የበሩ ቁጥር ግን ሣጥኑ እስከ ጫፍ ተጭኖ የሚታሰብ ስለሆነ ለኋላ ጎማ 70 ወይም 80 ይላል። ጥፋቱን በባሌስትራው ላይ የሚጥሉት ግማሽ እውነት አላቸው፤ ለቶን ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን አይታጠፍም። ነገር ግን ባሌስትራው ባልታጠፈ መጠን ጉድጓዱን የመዋጥ ሥራ ለጎማው ይተርፋል፤ ጎማው እንደ ከበሮ ከተወጠረ ደግሞ የሚውጠው የለም። አሞርዛተር መለወጥ ብቻውን ብዙ የማይፈይደውም ለዚህ ነው።

ነፋስ መቀነስን የሚቃወሙ ሰዎች የፎርድ ኤክስፕሎረርን ታሪክ ያነሳሉ፤ ማንሳታቸውም ተገቢ ነው። ፎርድ ለዚያ መኪና የመከረው ግፊት 26 ፒኤስአይ ነበር። ነሐሴ 2000 ላይ ፋየርስቶን መርገጫቸው እየተላቀቀ ሰው የገደሉ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ጠራ፤ የአሜሪካ መንግሥትም 271 ሟቾችን መዘገበ። የመንግሥቱ ምርመራ ጉድለቱን ያገኘው በጎማው አሠራር ውስጥ ነው። ሆኖም ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ሙቀቱም የሽቦውንና የላስቲኩን ትስስር ይፈታል፤ በሸክምና በፍጥነት ላይ ይህ ሲደረብ የደካማ ጎማ ዕድሜ ያጥራል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግፊት በስሜት ወይም በእግር እየረገጡ እንደማይቀነስ ነው። አክሱሉ በሚዛን ተመዝኖ፣ ሠንጠረዡ ታይቶ፣ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ በላይ ጥቂት መጠባበቂያ ተጨምሮ የተወሰነ ግፊት ከዚያ አደጋ ጋር አይነጻጸርም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የሰው መርሳት ነው። ቅዳሜ ለምቾት ያስተነፈሰ ሰኞ ሲሚንቶ ሲጭን ጎሚስታ ዘንድ መሄዱን ማን ያረጋግጣል? ከኤክስፕሎረሩ አደጋ በኋላ የወጣው ሕግ ከ2007 መስከረም ጀምሮ ግፊት ሲያንስ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ቢያስገድድም፣ ጠቅላላ ክብደታቸው ከ4,536 ኪሎ የሚበልጡትን መኪኖች አይመለከትም፤ ብዙ ከባድ ፒክአፖችም ከዚያ ወሰን በላይ ናቸው። ስለዚህ መለኪያ የማይዝ፣ ጭነቱም በየቀኑ የሚለዋወጥ ሰው የበሩን ቁጥር ይዞ መንጠሩን ቢታገሥ ይሻለዋል። ለሌላው ግን አምራቾች ለባዶና ለሙሉ ጭነት ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ቢለጥፉ ተገቢ ነው፤ አንዳንዶቹም ለቀላል ጭነት የተለየ ግፊት መስጠት ጀምረዋል። ይህ ሁሉ የሚመለከተው የኋላውን ጎማ ነው። ናፍጣ ሞተር በተገጠመለት ፒክአፕ የሞተሩ ክብደት ሣጥኑ ባዶም ይሁን ሙሉ ፊት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከፊት ጎማ ለምቾት ተብሎ የሚቀነስ ነፋስ ብዙም አይገኝም።