ይፋት የማን ነበረች? ጌሙ መቶ ዓመት ይበቃል ይላል

ዛሬም ረዘም ያለ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ልጆቻችን የሚጫወቱት ክሩሴደር ኪንግስ የሚባል የመካከለኛው ዘመን ጌም አለ። እዚያ አንድ ግዛት ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ በእጁ የያዘው፣ ሌላው በሕግ ይገባዋል የሚባለው። በጦር የወሰድከው አገር ወዲያው በሕግ ያንተ አይሆንም። መቶ ዓመት ሳይነጠቅህ ከቆየ ግን የሕግ ባለቤትነቱም ወደ አንተ መንግሥት ይዞራል።

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ይፋት ላይ ስሞክረው ግን አልሠራልኝም።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይፋትን የያዘው የወላስማ ቤት ነው፤ በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቀለለ። በ1332 ሱልጣን ሰብረዲን በዐፄ ዐምደ ጽዮን ላይ ተነሥቶ ተሸነፈ። ንጉሡ ታዲያ ከሩቅ ሹም አምጥቶ አላስቀመጠም፤ የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን ሾመ። ግብሩ ወደ ንጉሡ ይሄዳል፣ ቤቱ ያው የወላስማ ቤት ነው። ኋላ ከዚያው ቤት ሐቀዲንና ሳዕደዲን ሸፈቱ። ሳዕደዲን ዘይላ ላይ ተገደለ፤ ልጆቹ የመን ተሰድደው ሲመለሱ ኃይላቸው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳል ዞረ።

በጌሙ ሕግ፣ ሽፍትነቱን ትተን ብንቆጥር፣ ጉዳዩ በ1432 ተዘግቷል። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ላሸነፈው ለኢማም አሕመድ ግን ይህን የነገረው አልነበረም! አገሩ እንደገና ዞረ፤ እሱ በ1543 ሲወድቅ ደግሞ እንደገና።

የሚገርመኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። የሸዋ መሳፍንት ከመንዝ ተነሥተው ይፋትን ያዙ። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲወጣ፣ የቆላውን በር ይዞ የጠበቀው ማን መሰላችሁ? ወላስማ መሐመድ! ከዐምደ ጽዮን 500 ዓመት በኋላ የድሮው ገዢ ቤት ስም የንጉሡ አበጋዝ ማዕረግ ሆኗል። ሣህለ ሥላሴ ከባሕር የሚመጣው ንግድና ቀረጥ ያስፈልገዋል፤ የአልዩ አምባ እስላም ነጋዴ ደግሞ መንገዱ ሰላም እንዲሆን ይፈልጋል። ይፋትን የሸዋ ያደረጋት ይህ ጥቅም ነው እላለሁ፣ የዓመት ቆጠራ አይደለም። በኋላማ «ይፋትና ጥሙጋ» ተብላ የሸዋ አውራጃ ሆነች።

ፌስቡክ ላይ ካርታ እየለጠፋችሁ «ከጥንት የኛ ነው» የምትባባሉ ወንድሞቼ፣ ጥንት ስትሉ የትኛው ዓመት ነው? 1285? 1332? 1530? 1841? ለያንዳንዱ የተለየ ካርታ ይወጣል። ለዚህ ካርታ ደግሞ አገር ቤት ሰው እየሞተ ነው።

ይህች የምንሠራባት ጆበርግ እንኳ ወርቅ ከተገኘባት ከ1886 እስከ 1910 ባለው 24 ዓመት የቦሮች፣ የእንግሊዝ፣ ከዚያ የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ሆናለች። ማን መቶ ዓመት ጠበቀ? የጄፒ መንገዳችንም በማዘጋጃ ቤት ወረቀት ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል። እስቲ አንድ አበሻ ተሳፋሪ «ራሂማ ሙሳ አድርሰኝ» ሲል የሰማ አለ?

ከአልዩ አምባ፣ ከአንኮበርና ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ፣ «ወላስማ» የሚለው ስም በቤታችሁ ሲነሣ ትልልቆቹ ምን ይሉ ነበር? ከታች ጻፉልኝ፤ ማታ ሥራ ስጨርስ አነባለሁ።