በሌለ እግር ላይ ያለ ሕመም

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ወሬው ቁልቁለት አለው፣ አይቸኮልም። ከሞጣ ተነሥታችሁ ወደ ዓባይ ስትወርዱ መጀመሪያ ደጋው ይሸኛችኋል፣ ከዚያ ነፋሱ እየሞቀ ይመጣል፣ ከዚያ ጋቢያችሁን ከትከሻ አውርዳችሁ ክንዳችሁ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ጉልበታችሁ መብረክረክ ሲጀምር የውሃው ድምፅ ይሰማል። እዚያ ታች ነው በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰበረ፣ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ የጎጃምና የበጌምድር ሰው በገመድ ተሻገረ። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፣ ወንዶቹ ከዚህም ከዚያም ይይዙታል፣ እነዚያ ይስባሉ፣ እነዚህ ያላላሉ፣ እሱም ከሥሩ የሚጋልበውን ውሃ ላለማየት ሰማይ ሰማዩን እያየ ያልፋል። ይህ በፎቶ ተነሥቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ፣ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው አየውና በ2002 እ.ኤ.አ. መጥቶ ከአገሬው ጋር ጠገነው፣ በ2005 ደራሽ ውሃ መልሶ ወሰደው፣ በ2009 ደግሞ እዚያው አካባቢ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ጨው ያልፍበታል፣ ሙሽራ ያልፍበታል፣ ቃሬዛም ያልፍበታል። የዛሬው ወሬያችን የቃሬዛው ነው።

አንድ ሰው በሐሳባችን እናስቀምጥ። ስም አንሰጠውም፣ ምክንያቱም በቢቸናም በሞጣም ከወንዙ ማዶም እንደሱ ያለ ሰው አይጠፋም። ዕድሜው ወደ ሃምሳው ተጠግቷል፣ ታኅሣሥ ላይ ከጤፍ ክምር ተንሸራቶ ወደቀ፣ ቅልጥሙ ቀጭ አለ። ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻ ስል እንዳትቸኩሉብኝ፤ የወለቀ ትከሻ በቅቤ እያሸ የሚመልስ፣ እጁ የተባረከ ሰው አለ። ይኸኛው ግን ቀርከሃውን ዙሪያውን ደረደረና በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው፣ ከዚያም እንዳይፈታ አዝዞ ሄደ።

ሌሊቱን ሕመሙ ከስብራቱ ጊዜ ይልቅ ባሰ። ሰውየው ጥርሱን ነከሰ። ጎረቤት መጣና «ቻለው፣ ወንድ አይደለህ?» አለው። እኔ በዚህች «ቻለው» ላይ ቂም አለኝ፤ ስንቱን እግር በላች መሰላችሁ! ያ ሕመም እኮ እየነገረው ነበር። አጥንት ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየቀለለ መሄድ ሲገባው ከባሰ፣ ጣቶቹን ቀና ሲያደርጉለት አላስችል ካለው፣ ጣቱ ከቀዘቀዘና ከደነዘዘ፣ ደሙ ታግዷል ማለት ነው፤ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት። ደም ያጣ ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ፣ ከዚያ ቃሬዛ ተሠራ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ከዚያ ያ የሚወዛወዝ ድልድይ፣ ከዚያ ዳገቱ። ተሸካሚዎቹ ድንጋይ ሲያደናቅፋቸው እሱ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ ድምፅ አያሰማም። ሐኪም ቤት ሲደርስ እግሩ ከጉልበት በታች ከመቆረጥ ሌላ መላ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሐኪሞቹ ይዞራል፣ እነሱም ይስሙን። ድሮ «ማስታገሻ ከሰጠነው ምርመራው ይጠፋብናል» እየተባለ ሰው ሲያቃስት ይውል ነበር፤ ይህ አስተሳሰብ ዛሬ ተትቷል። ድንገተኛ ሕመም የሚታከመው አንዱን መድኃኒት በብዛት በመስጠት ሳይሆን የተለያዩትን በልክ በልኩ በማጣመር ነው። ፓራሲታሞል በሰዓቱ ይሰጣል፣ ኩላሊቱና ጨጓራው ደህና ከሆነ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይጨመራል፣ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ በሊዶኬይን ወይም በቡፒቫኬይን ይደነዝዛል፣ ካልበቃም ሞርፊን በደም ሥር በጥቂት በጥቂቱ፣ ትንፋሹን እየቆጠሩ። ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ ደግሞ ውስብስብ መሣሪያ በሌለበት የገጠር ሆስፒታል ውስጥ ባለውለታ ነው።

ሞርፊን ካልኩ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ሰው አጠገብ ባለው አልጋ የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት እናት ተኝታለች እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ሕመም ባለ ሦስት እርከን መሰላል አወጣ፤ ከፓራሲታሞል ተነሥቶ በኮዴን በኩል ወደ ሞርፊን የሚወጣ። ዛሬ ግን ብርቱ ሕመም ያለበት ሰው እያንዳንዷን እርከን እየረገጠ እንዲወጣ አይጠበቅም። የሚዋጠው ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፣ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም፣ አብሮም የሆድ ድርቀት መድኃኒት ይታዘዛል፤ ይህቺ የምትረሳ ነገር ናት፣ በሽተኛዋ ግን አትረሳውም። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በጠርሙስ ይሰጣል፤ ኡጋንዳ ውስጥ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ሲሠራ ኖሯል፣ በ2004ም የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዝዙት ሕጉ ፈቀደ። በኛም አገር ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ሆስፒስ ኢትዮጵያን አቋቁመው በጠና የታመሙትን እያስታመሙ ሞርፊን የመዳን ተስፋ ለሌለውም ሰው እንደሚገባ አሳይተዋል።

ታዲያ ለምን አይደርስም? በቁልፍ ይቀመጣል፣ በልዩ ወረቀት ይታዘዛል፣ ቁልፍ ያዡ ከሌለ ሌሊቱ ያለ እሱ ይነጋል፣ ተረኛዋ ነርስም «ሱስ ያስይዛታል» ብላ ትፈራለች። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በዓለም በዓመት ይከፋፈል ከነበረው 298.5 ቶን የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ ለድሃ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሞርፊን ዓይነት የሆነውን ኦክሲኮንቲንን ለወገብ ሕመም ሁሉ በትና ብዙ ሰው ቀበረች። ግን የእነሱ ጥፋት ለቆየ ሕመም እንደ ከረሜላ ማደላቸው ነበር፤ የኛ ጥፋት ደግሞ በካንሰር ለምትቃትተው እናት መከልከላችን ነው፣ ሁለቱን አናምታታ።

ሰውየውስ? ቁስሉ ደረቀ፣ ምርኩዝ ያዘ፣ አገሩ ገባ። ከዚያ የሌለው እግር ያመው ጀመር። የተቆረጠው ጣት ይቃጠላል፣ የሌለው ተረከዝ ይጠዘጥዛል። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም፤ አበደ እንዳይሉት፣ ወይም ዛር ነው ብለው እንዳያዞሩት። ግንቦት ላይ ብሶበት ወደ ሐኪም ቤቱ ተመልሶ መጣ።

አንዲት ወጣት ሐኪም ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «አባባ፣ የተቆረጠው እግር ያምዎታል?» አለችው። ሰውየው በሩን አየና ዝም አለ። «ብዙ ሰው ያመዋል፣ እብደት አይደለም» አለችው። ከዚያ ነው የተናገረው። «ዐሥሩም ጣትዎ የመጨረሻው ሕመም ቢሆን፣ የእርስዎ ስንት ጣት ነው?» ስትለው ስምንቱን ዘረጋ፣ ትንሽ አሰበና አንዱን አጠፈ።

ድንገተኛ ሕመም ሌባ ሲመጣ እንደሚጮኽ ውሻ ነው፤ ሥር የሰደደው ግን ሌባው ከሄደ በኋላም መጮኹን ያልተወው ነው። ነርቩና አንጎሉ ራሳቸው ታመዋል፣ ስለዚህ ዲክሎፌናክ እየደጋገሙ መውጋት ጨጓራና ኩላሊት ከመጉዳት በቀር እምብዛም አይፈይድም። ሐኪሟ ለነርቭ ሕመም የሚረዳውን አሚትሪፕቲሊን ለመኝታ ሰዓት፣ ከትንሹ መጠን ጀምራ አዘዘችለት፤ አፍ እንደሚያደርቅ፣ እንቅልፍ እንደሚያመጣ፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሣ ሊያዞረው እንደሚችልም ነገረችው። የልብ ሕመም እንዳለው፣ ሽንት ይከለክለው እንደሆነም ጠየቀችው። ከዚያ ከገበያ የተገዛ መስታወት አወጣችና በሁለቱ እግሮቹ መካከል አቆመችው፤ ጤነኛው እግር መስታወቱ ውስጥ ገብቶ የጎደለውን ቦታ ሞላው። «ቀስ ብለው ጣትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ዓይንዎ ከመስታወቱ አይነሣ» አለችው። አንቀሳቀሰ፣ ደጋገመ፣ ትንፋሹም ረዘመ።

ሁሉም አይሻለውም፣ የተሻለውም ሙሉ በሙሉ አይድንም፤ ይህንንም ሳትደብቅ ነገረችው፣ ሰባቱ ጣት ወደ ሦስት ቢወርድና እንቅልፍ ቢያገኝ ከበሬው ጋር ባይሆን እንኳ ከደጁ ሥራ ጋር እንደሚታረቅ። በየዕለቱ በመስታወቱ እንዲሠራ፣ ከቤት እንዳይቀርም አስጠነቀቀችው፤ ሥር የሰደደ ሕመም ከመቀመጥ ጋር ይፋፋል።

ክረምቱ ደርሶ ነበር። በምርኩዝ ያን ቁልቁለት በሐምሌ ጭቃ ውረድ እንደማይባል ታውቃለችና ኪኒኑን እስከ መስከረም እንዲበቃው አድርጋ ቆጠረችለት፣ ከዚያ እየቆጠረች ቆም አለችና «ቤት ውስጥ ልጆች አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«የልጅ ልጆች አሉ» አለ።

«እንግዲያ ቆልፈው ያስቀምጡት፣ ይህ ኪኒን ሕፃን ይገድላል» አለችውና ግማሹን መልሳ ቀነሰች፤ ልጁ ምርኩዝ አያስፈልገውምና በወሩ መጥቶ የቀረውን እንዲወስድ ተስማሙ።