የባቡሩን ወረቀት ያነበቡት ፕሮፌሰር

የታሪክ ትምህርት ክፍል ምሩቃን ስንገናኝ ጨዋታችን ዞሮ ዞሮ ሰነድ ላይ ማረፉ አይቀርም። ዘንድሮ ዕድሜያቸውን በሰነድ ንባብ ስላሳለፉት ስለ ፕሮፌሰር ራውል ሂልበርግ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂልበርግ በ1926 ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ ቤተሰቡ በ1939 ሸሽቶ በኩባ በኩል አሜሪካ ገባ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬታቸው የአይሁዶችን እልቂት ሲመርጡ አማካሪያቸው ፍራንዝ ኖይማን ፈቀዱላቸው፤ ግን ‹መቀበሪያህን መረጥክ› ዓይነት ማስጠንቀቂያ ጨመሩበት። ያኔ ይህን ርዕስ ማን ይፈልገው ነበር? ኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼም በ1958 አልተቀበላቸውም፤ የፕሪንስተን ማተሚያ ቤትም መለሰባቸው። ‹የአውሮፓ አይሁዶች ጥፋት› የተባለው መጽሐፋቸው በ1961 ቺካጎ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አሳታሚ ታተመ። እሳቸው ቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ሆነው እስከ 1991 አስተማሩ፤ ያውም በፖለቲካ ሳይንስ ክፍል፣ የኛ ሰዎች ቅር አይበላችሁ!

ሂልበርግ የሚፈልጉት የሂትለርን ንግግር አልነበረም፤ የቢሮ ወረቀት ነው። የጀርመን ምድር ባቡር የጉዞ ትእዛዝን ውሰዱ። የመነሻ ሰዓት አለው፣ ጣቢያ አለው፣ ግልባጭ የሚደርሳቸው ዝርዝር አለው። መግደል የሚል ቃል ግን የትም የለም። ሙሉ ሆኖ ወደ ትሬብሊንካ የሄደው ባቡር ባዶውን ይመለሳል፣ በቃ። መሥሪያ ቤቱ ለጫናቸው ሰዎች በኪሎ ሜትር አስቦ ያስከፍል ነበር። ከ10 ዓመት በታች ግማሽ ዋጋ፣ ከ4 ዓመት በታች በነፃ፣ ብዙ ሰው ሲሆን ደግሞ የቡድን ቅናሽ። ትኬቱ የመሄጃ ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ የሠራው ሰው ምናልባት በሕይወቱ ማንንም በጥፊ መትቶ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ገዳዮቹ በጻፉት ላይ መደገፋቸው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። አይሁዶች ስላደረጉት ትግል የጻፉት ጥቂት ነው፤ ናዚዎች ያቋቋሟቸውን የአይሁድ ምክር ቤቶችም አጥብቀው ወቅሰዋል። በዚህ የተቆጧቸው ብዙዎች ናቸው፤ በኔ ግምት ቁጣው ምክንያት ነበረው። እነዚያ ሰዎች አፈሙዝ ተደቅኖባቸው ነው የፈረሙት።

ደግነቱ ሂልበርግ በዚያ አልቆሙም። በ1979 የዋርሶ አይሁድ ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበረውን የአዳም ቼርኒያኮቭን ማስታወሻ ከሌሎች ምሁራን ጋር አርመው በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ቼርኒያኮቭ በየቀኑ ይጽፍ ነበር፤ ስለ ዳቦ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ራስ ምታቱ። በሐምሌ 1942 ባቡሮቹ ወደ ትሬብሊንካ መጫን በጀመሩ ማግስት ራሱን አጠፋ።