ጥርስ ያላት ባለ ግማሽ ጋሻ ኤሊ

ኦዶንቶኬሊስ ሴሚቴስታሴያ፤ ጓንሊንግ፣ ጕይጆ ክፍለ ሀገር፣ ደቡብ ምዕራብ ቻይና፤ ከ220 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት

ኤሊ በታሰበች ጊዜ አስቀድሞ በሕሊና የሚሣለው ያ ከላይም ከታችም የተገጠመ የድንጋይ ቤቷ ነውና፣ ጐብኚው ይህችን ፍጥረት በመጀመሪያ ከጀርባዋ ይመልከት፤ በአከርካሪዋ ላይ በሰልፍ ከቆሙት ጥቂት አጥንቶችና ሰፋ ሰፋ ካሉት የጎድን አጥንቶቿ በቀር ጋሻ የለባትም። ሆዷ ግን እንደ ዛሬዎቹ ኤሊዎች ሁሉ ፍጹም በሆነ የአጥንት ሰሌዳ ተከድኗል። ወደ አፏም ጠጋ ብሎ ላስተዋለ፣ የዛሬዎቹ ኤሊዎች በምንቃር የተኩት ጥርስ በላይኛውም በታችኛውም መንጋጋ ተደርድሮ ይታያል። ስሟም፣ ግማሹ ከጽርዕ ግማሹ ከሮማይስጥ ተውጣጥቶ፣ ይህንኑ ይናገራል፤ ስም አውጪዎች ሁልጊዜ እንዲህ አይጠነቀቁም።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2008 ሊቃውንት እርሷን ለዓለም እስኪገልጧት ድረስ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የጥንት ኤሊዎች አብነት ሆና የኖረችው በጀርመን አገር የተገኘችው ፕሮጋኖኬሊስ ነበረች፤ ነገር ግን ያቺ 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይታ ሙሉ ጋሻዋን ለብሳ የመጣች ስለ ሆነች፣ ጋሻው ከወዴት እንደ ተጀመረ ልትመሰክር አልቻለችም። የዛሬዪቱ ኤሊ ሽል በእንቁላል ውስጥ ሳለ የሆዱ ጋሻ ከጀርባው ቀድሞ አጥንት ይሆናልና፣ «ከሆድ ተጀመረ» የሚሉት ወገኖች ሽሉንና ይህችን ፍጥረት አስተያይተው ደስ ተሰኙ፤ ሌሎች ግን የጀርባው ጋሻ ቀድሞ ኖሮ በባሕር ኑሮ ምክንያት የሳሳ ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ።

ርዝመቷ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የተገኘችውም ከባሕር ደለል በተሠራ ድንጋይ ውስጥ ነው።