ከኢንዱስትሪያል እስከ ስትሪም፦ የሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት በአገራችን

«ዲዛይን ልግባ ወይስ ተርማል?» ስትሪም፣ ማለትም በሜካኒካል ውስጥ ያለው ልዩ የትምህርት ዘርፍ፣ የሚመረጥበት ጊዜ ሲደርስ የሜካኒካል ተማሪዎች ቢሮዬ እየመጡ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ማኑፋክቸሪንግ የሚያምራቸው አሉ፤ ሞተር ቬሂክል የሚሉም አይጠፉም፣ በተለይ ጋራዥ አጠገብ ያደጉት። መልስ ከመስጠቴ በፊት ምርጫው ከየት እንደመጣ እነግራቸዋለሁ። ፎርሙን የሚሞላ ልጅ ይህን ታሪክ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ላይ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። የአዲስ አበባው የምህንድስና ኮሌጅ በ1940ዎቹ አጋማሽ ሲከፈት የራሱ ግቢ እንኳ ስላልነበረው ያስጠጋው በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ እስከ መካከለኛ ደረጃ ብቻ ያደርስ ነበርና ዲግሪ የፈለገ ባሕር መሻገር ግድ ይለው ነበር። ብዙ ሰው ይህን ዘመን እንደ ጉድለት ዘመን ብቻ ያነሳዋል። ለእኔ ግን መሐንዲሱና ቴክኒሻኑ በአንድ ግቢ መነሳታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ቶርኖውም ሞርሳውም እዚያው ከደጃፋቸው ነበሩ።

በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ትምህርቱ አራት ዓመት ሆኖ በዲግሪ መመረቅ ሲጀመር ሁለት በር ተከፈተ፦ ሲቪልና ኢንዱስትሪያል። ኢንዱስትሪያል የሚባለው ማሽኑንም ኤሌክትሪኩንም በአንድነት የያዘ ነበር። ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሆላንዶች ወንጂ ላይ ያቋቋሙት የስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ብቻ ተቆጥረዋል፤ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ አንድ መሐንዲስ ሁሉንም እንዲያውቅ ይጠበቅበታል። ኋላ ላይ ኢንዱስትሪያል ለሁለት ተከፍሎ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል ራሳቸውን ቻሉ፣ የትምህርቱም ዘመን አምስት ዓመት ሆነ። ኮሌጁ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ካቋቋሙት የሕንፃ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተባለ። እስከ ዛሬ «አምስት ኪሎ» ስንል የምናስበው እሱን ነው።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ታሪክ ከዚህ ጎን ሲነገር አልሰማም፤ ይቆጨኛል። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ዓላማው ዲግሪ ሳይሆን የሠለጠነ ባለሙያ ማውጣት ነበር። የእርሻ መሣሪያ፣ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የእንጨት፣ የኤሌክትሪክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ክፍሎች ነበሩት። እዚያ የገባ ወጣት ገና ሲመዘገብ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት የሚኖረውን ማሽን ይመርጥ ነበር ማለት ይቻላል። አምስት ኪሎ ሁለገብ መሐንዲስ ሲያወጣ ባሕር ዳር የጠለቀ የእጅ ሙያ ያስተምር ነበር፤ አገሪቱም ሁለቱን ትፈልጋቸው ነበር።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ተማሪው ወደ ገጠር ተበተነ፣ ዩኒቨርሲቲውም ዝም አለ። ትምህርቱ ከቀጠለ በኋላ ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ለትምህርት የሚሄደው ወጣት በዛ። እኔ አምስት ኪሎ የገባሁት በዚያ ዘመን ነው። ከሁሉ በፊት የተማርነው ሞረድ አያያዝ ነበር። አንድ ቁራጭ ብረት በሞርሳ ታስሮ ይሰጥሃል፤ ማዕዘኑ ቀጥ እስኪል ትሞርደዋለህ። አሠልጣኛችን ስኳድራውን ብረቱ ላይ ያሳርፍና ወደ መስኮቱ ያነሳዋል። በመካከላቸው የፀጉር ያህል ብርሃን ካየ ምንም ሳይናገር ወደ ሞርሳው ይጠቁምሃል። መዳፌ ተላልጦ ማታ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተኝ ነበር፤ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ምን ያህል እንደሆነ ያወቅሁት ግን በዚያ መዳፍ ነው።

ስመረቅ በመንግሥት ምደባ ስኳር ፋብሪካ ደረሰኝ። አንድ ሌሊት በፈረቃዬ የሸንኮራ መጭመቂያው ሮለር ኩሽኔታ ጋለ፤ እጅ አያስነካም፣ ዘይቱ ይጨሳል። ዘይቱ ቀጥኖ ይሆን? ሸንኮራው በዝቶ ጭነቱ ከልክ አልፎ ይሆን? ዘንጉ ከመስመር ወጥቶ፣ ወይስ ኩሽኔታው ቶርኖ ላይ ሲወጣ ልኩ ተበላሽቶ? ወይስ የቦይለሩ እንፋሎት ግፊት ጨምሮ ተርባይኑን ከሚገባው በላይ አፍጥኖታል? የመጀመሪያው ጥያቄ የፈሳሽ ሜካኒክስ ነው፣ ሁለተኛው የዲዛይን፣ ሦስተኛውና አራተኛው የማኑፋክቸሪንግ፣ የመጨረሻው የተርማል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሌላ ስትሪም መሐንዲስ ጠርቶ ማምጣት አይቻልም። ከሶቭየት የተመለሰ ባልደረባ ነበረኝ፤ በእርሻ ማሽን ላይ የሚወዳደረው አልነበረም፣ እንፋሎት ላይ ሲደርስ ግን እንደ እኔ ከኦፕሬተሮቹ ይጠይቅ ነበር። ኦፕሬተሮቹም ከልባቸው ያስተምሩን ነበር።

ስትሪም የበዛው ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዙ ነው። በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ፖሊቴክኒኩ የምህንድስና ፋኩልቲው ሆነ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ተብሎ ሜካኒካል ምህንድስና በየክልሉ ተዳረሰ። በዚህ ደስ ይለኛል፤ በእኛ ጊዜ ክፍለ ሀገር ያደገ ልጅ ይህን ዕድል ለማግኘት አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። የምከራከረው ሌላ ነገር ላይ ነው። ክፍሉ ሲሞላ ቀድሞ የተነካው የወርክሾፕ ሰዓት ነው፤ አንድ ቶርኖ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ቆሞ አንዱ ሲሠራ ሌላው ማየት ሆነ።

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ሲጀምር ተፈታኙ የየትኛው ስትሪም ልጅ እንደሆነ አልጠየቀም፤ ቴርሞዳይናሚክሱም የማሽን ኤለመንቱም ማኑፋክቸሪንጉም ለሁሉም እኩል ቀረበ። ይህን ደግፌአለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። የወረቀት ፈተና የማይደርስበት ግን እጅ ነው። ስለዚህ የዲፓርትመንት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ማንም ተማሪ የስትሪም ፎርም ከመሙላቱ በፊት አንድ ፓምፕ ፈቶ ይግጠም፣ አንድ ዘንግም ቶርኖ ላይ በገዛ እጁ ያውጣ።