የምርጫ ክልል ወሰንና የጥቂቶች ድምፅ፤ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ

በአገራችን የወሰን ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው መሬት ነው፤ ግጦሽ፣ እርሻ ወይም የቡና ጫካ። ይሁን እንጂ መሬቱን ሳይነካ የሰውን ድምፅ ብቻ የሚከፋፍል ሌላ ወሰን አለ፤ እርሱም የምርጫ ክልል ወሰን ነው። ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ሕዝብ ወይም ፓርቲ ወንበር ማግኘት አለማግኘቱ ብዙ ጊዜ በዚህ መሥመር አስቀድሞ ይወሰናል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለው የቡና ምድር ታሪክ ይህን በጉልህ ያሳያል።

ነገሩ በዓለም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1812 የአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲው የሚያደላ የምርጫ ወሰን ሕግ ፈረመ። ከተከለሉት ወረዳዎች የአንዱ ቅርጽ ሳላማንደር የተባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ ስለ መሰለ፣ ከሁለቱ ስሞች «ጄሪማንደር» የሚል ቃል ተፈጠረ። ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው 100,000 መራጮች ያሏቸው ሦስት የምርጫ ክልሎች አሉ፤ ከመራጮቹም 60,000 ያህሉ የአንድ ፓርቲ ደጋፊዎች ናቸው እንበል። ደጋፊዎቹ በየክልሉ 20,000 ሆነው ቢበተኑና ሌላው ድምፅ ለአንድ ተፎካካሪ ቢሰጥ፣ አንድም ወንበር አያገኙም። በአንድ ክልል ቢሰባሰቡ ግን አንዱን ወንበር ይወስዳሉ። የሰዉ ብዛት አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሥመሩ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የምርጫ ወሰን በሕግ የተደነገገው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። አገሪቱ በተቻለ መጠን 200,000 ነዋሪዎችን በሚይዙና ቅርጻቸው በተስተካከለ ወረዳዎች እንድትከፈል፣ እያንዳንዱም ሁለት እንደራሴዎች እንዲመርጥ ታዘዘ። ነዋሪዋ ከ30,000 የበለጠ ከተማ ለብቻዋ እንደራሴ ነበራት፤ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ግን ከዚህ ቁጥር እጅግ የራቁ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሚዛን ተፈሪ በከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ቴፒ ደግሞ በኢሉባቦር ስለ ነበሩ፣ ጎረቤታሞቹ ከተሞች በአስተዳደር ተለያይተው ኖሩ። ፓርቲ ስላልነበረ የወሰኑ ነገር እምብዛም አላከራከረም። በ1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግም ፓርቲው አንድ ብቻ ስለ ነበር ሁኔታው አልተለወጠም።

ጥያቄው ክብደት ያገኘው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ከጸደቀው ሕገ መንግሥት ወዲህ ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት ከ550 አይበልጡም፤ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ለአናሳ ብሔረሰቦችም ከ20 የማያንስ መቀመጫ ተጠብቋል። ይህ ጥበቃ ታላቅ ቁም ነገር ነው። ሆኖም መቀመጫው የተጠበቀው ለሕዝብ እንጂ ለፓርቲ ስላልሆነ፣ ትንሽ ፓርቲ አሁንም በወሰኑ ውስጥ ብልጫ ማግኘት ይኖርበታል።

በአካባቢው የምርጫ ክልል የሚከተለው የአስተዳደርን ወሰን ነው። የአስተዳደሩ ወሰን ግን የሕዝቡን አሰፋፈር አልተከተለም። የመዠንገር ሕዝብ በጋምቤላ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ ቀረ። ሸኮም ከፊሉ በቤንች ማጂ ዞን በሸኮ ወረዳ፣ ከፊሉ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ሆነ። በዚህ ላይ የቡና ልማቱ ተጨመረ። በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጡ ሠራተኞች ሰፍረዋል፤ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ሰፈራም ሌሎችን አምጥቷል። እነርሱም ዜጎችና መራጮች ናቸው። ስለዚህ አንድ የእርሻ ሰፈር ከመሥመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ መዋሉ ብቻውን የድምፁን ሚዛን ሊለውጥ ይችላል። በማሳቹሴትስ ሆን ተብሎ የተሠራው፣ እዚህ ማንም ሳያስበው ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ጉዳዩ የወንበር ብቻ ሆኖ አልቀረም። የየኪ ወረዳና የቴፒ ከተማ አስተዳደር ጥያቄ በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ብዙ ሰው የሞተበት ግጭት አስከተለ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ግን የሸኮና መዠንገር ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ አንድነት ድርጅት ከ547 መቀመጫዎች አንዱን አገኘ። አንድ ወንበር ሕግ አያስለውጥም፤ ነገር ግን አቤቱታ በጫካ ሳይሆን በምክር ቤት እንዲሰማ በር ይከፍታል።

ከዚያ ወዲህ የአስተዳደሩ ካርታ ተለውጧል። ቤንች ማጂ ተከፍሎ ሸኮ በቤንች ሸኮ ዞን ስም ውስጥ ገባ፤ የኪ ግን በሸካ ዞን ቀረ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ በኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ሁለቱ የሸኮ ወገኖች በአንድ ክልል ውስጥ ቢቆዩም የዞኑ መሥመር አሁንም በመካከላቸው ያልፋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግና የምርጫ ክልሎችም በውጤቱ መሠረት፣ በምርጫ ቦርድ ሐሳብ አቅራቢነት፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወሰኑ ያዛል። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው ቆጠራ በኋላ ተከታዩ በተደጋጋሚ ተላልፏል። ባረጀ ልኬት የተሠራ ድልድይ የዛሬውን ጭነት እንደማይችል ሁሉ፣ ባረጀ ቆጠራ ላይ የቆመ ወሰንም የዛሬውን መራጭ በትክክል አይወክልም። ቆጠራው ሲደረግ ግን ሰውን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ መሥመሩ በማን መንደር መካከል እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማየትና ነዋሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል። የቴፒ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።