ሪሚክስ፦ «ዳግም ቅንብር»

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው አስፋልት ቆቦን ሰንጥቆ ያልፋል። አይሱዙው፣ ሚኒባሱና ባጃጁ እየተጠላለፈ ሲያልፍ እያንዳንዱ የየራሱን ዘፈን ከፍቶ ነው። ከአንዱ ባጃጅ በከበሮና በጭብጨባ የታጀበ የራያ ዘፈን ይሰማል። ከኋላው ከሚከተለው ደግሞ ያው ዜማና ያው ድምፅ ይመጣል፤ ከስሩ ግን በኮምፒውተር የተሠራ ከባድ ቤዝ ይመታል። ወጣቶቹ ሁለተኛውን «ሪሚክሱ» ይሉታል።

ቃሉ አፍ ላይ ከገባ ቆይቷል፤ ትርጉሙ ግን ገና አልጠራም። አንዱ የድሮ ዘፈን መልሶ መዝፈንን፣ ሌላው ሁለት ዘፈን ማጋጠምን፣ ሦስተኛው የሰው ዜማ መውሰድን ሪሚክስ ይላል።

ስቱዲዮ ውስጥ ድምፃዊው፣ ከበሮው፣ ክራሩና ቤዝ ጊታሩ በየራሳቸው ትራክ ይቀረጻሉ። እነዚህን መጥኖ አንድ ማድረግ ሚክሲንግ ይባላል። ሪሚክስ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ አልቆ የወጣውን ዘፈን መልሶ ይፈታዋል። ድምፁን ያስቀርና ከበሮውን ያወጣል፤ ፍጥነቱን ይጨምራል ወይም ያረግበዋል፤ አዲስ ቤዝ ያስገባል፤ አንዳንዴም መሀል ላይ ለራፐር ቦታ ይከፍታል። ትራኮቹ በሌሉበት የካሴት ዘመን ዘፈን ላይም ቢሆን ድምፁን ከመሣሪያው የሚለዩ ሶፍትዌሮች ዛሬ አሉ።

ለዚህ ሥራ የሚስማማው የአማርኛ ስም «ዳግም ቅንብር» ነው። «ዳግም ቅልቅል» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን የቃሉን ፊደል እንጂ የሥራውን ጠባይ አይነግርም። የካሴት ሽፋን ሲያነብ ያደገ ሰው «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚሉትን ሦስት መስመሮች ያውቃቸዋል። በሪሚክስ ግጥሙና ዜማው አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ይቆያሉ፤ የሚለወጠው ሦስተኛው መስመር ነው። ቃሉ ከቤት ነበረ፤ የጎደለው «ዳግም» የሚለው ብቻ ነው።

ሁለት ጎረቤት ሥራዎችም አብረው ይለዩ። ሌላ ድምፃዊ የቆየን ዘፈን በራሱ ድምፅ ሲጫወተው ዳግም ቅንብር አይባልም፤ ዋናው ድምፅ የለማ። ከአንድ ቅጂ ጥቂት ሰከንድ ቆርጦ አዲስ ዘፈን መሥራት ደግሞ ሳምፕል ይባላል፤ በአማርኛ «ቅንጫቢ» ቢባል ያስኬዳል። ናስና ዳሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የዳግም ቅንብር ጥበብ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጃማይካ ውስጥ ነው። ኪንግ ተቢ የሚባለው የኪንግስተን ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ከተቀረጹ ዘፈኖች ድምፁን እየቀነሰ ከበሮና ቤዝን ያጎላ፣ የቀረውን በገደል ማሚቶ ያስተጋባ ነበር። ስልቱ ደብ ተባለ። ይህን መንገድ የኛም ሰው ሄዶበታል። የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችውን አልበም ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል እንዳለ ፈትቶ በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ መልሶታል። በመጀመሪያው አልበም ፊት ለፊት የነበረው የጂጂ ድምፅ እዚህ ከሩቅ ተራራ እንደሚመጣ ጥሪ ብቅ ጥልቅ ይላል።

የራያ ቆቦ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ይመራዋል። ውሃው ያው ነው፤ የሚያጠጣው መሬት ግን ሌላ ሆነ። ዳግም ቅንብርም ዘፈኑን ወዳልደረሰበት አድማጭ ይወስደዋል፤ በሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ ያለው ጉልበትም ከዚሁ ይመጣል።

የሊል ናስ ኤክስ «ኦልድ ታውን ሮድ» ከሁሉ የጎላው ምሳሌ ነው። የአትላንታው ወጣት ቢቱን (ከድምፁ ስር የሚሄደውን ቅንብር) ከአንድ የኔዘርላንድስ ቢት ሠሪ በ30 ዶላር ገዝቶ ነጠላ ዜማውን በዲሴምበር 2018 ለቀቀ። ዘፈኑ በቲክቶክ ተቀጣጠለ። በማርች 2019 ግን የአሜሪካው የሙዚቃ ሰንጠረዥ አውጪ ቢልቦርድ «ከካንትሪ ሙዚቃ አይመደብም» በሚል ከካንትሪ ሰንጠረዡ አወጣው። ኤፕሪል 5 ቀን 2019 የካንትሪው ድምፃዊ ቢሊ ሬይ ሳይረስ የገባበት ዳግም ቅንብር ወጣ። ዘፈኑ ያን ሰሞን በቢልቦርድ ዋና ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ዳግም ቅንብሩም እዚያው አጸናው። በዚያ ደረጃ 19 ሳምንት በመቆየት እስከዚያ ድረስ የነበረውን የ16 ሳምንት ክብረ ወሰን ሰበረ።

ይህ የሆነው አንድም ቢልቦርድ የአንድን ዘፈን ልዩ ልዩ ቅንብሮች በአብዛኛው ደምሮ ስለሚቆጥር ነው፤ አንድም የሂፕ ሆፕና የካንትሪ አድማጭ በአንድ ዘፈን ስለተገናኙ። ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬም (ዘ ዊክንድ) ይህን አይቷል። በማርች 2020 አልበም ላይ የወጣው «ሴቭ ዩር ቲርስ» አንደኛ የሆነው አሪያና ግራንዴ ከገባችበት ዳግም ቅንብር በኋላ፣ በሜይ 2021 ነው።

ወደ ቆቦ እንመለስ። የራያ ዘፈን ለዳግም ቅንብር የተመቸ ነው። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ በመካከል ያለው ክፍተት ራፐር የሚገባበትን በር የሚያሳይ ይመስላል። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በተጎራበቱበት ቆላ የዘፈኑ ቃልም ራሱ የተቀነባበረ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ ዘፈኑ ከስልክ ስልክ ሲሻገር የአውጪው ስም መንገድ ላይ ይወድቃል። ሳይረስን ሁሉ ሰው በስሙ ያውቀዋል፤ በሠርግ ቤት ዘፈኑን ያወጣችውን ሴት ግን ቢቱን የሠራው ልጅ እንኳ በስሟ አይጠራትም።

ሕጉም ይህን አይፈቅድም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማላመድና የማቀነባበር መብት ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የከዋኙንና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁንም መብት ያውቃል። ዜማው ባለቤቱ የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ቢሆንም የተቀረጸው ድምፅ ባለቤት አለው። እናም የቆቦ ቢት ሠሪ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሥራውን ዩቲዩብ ላይ ሲጭን ከርዕሱ ስር አራት መስመር ቢጨምር ብዙ ነገር ይስተካከላል፦ ግጥምና ዜማ፣ የራያ ሕዝብ፤ ድምፅ፣ የዘፋኟ ሙሉ ስም፤ የመጀመሪያ ቅንብር፣ የአቀናባሪው ስም፤ ዳግም ቅንብር፣ የራሱ ስም።